ዋይፋዩን የዘጋው ቁም ሳጥን

ቤተሰቡ “እሜቴ ወይ ፍንክች” ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሟቹ ባሏ ነው፤ ስትጠራበትም ከፍቷት አያውቅም። ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆና ኖራ፣ ስንቱ ዳኛ ሲሾም ሲሻር እሷ ከወንበሯ ሳትነቃነቅ ነው ጡረታ የወጣችው።

ባሏ እንደሞተ ወንድ ልጇ ክፍሏ ላይ ዓይኑን ጣለ። “እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ክፍል ለብቻሽ ምን ያደርግልሻል? እናከራየው። አንቺ ሳሎን ትሆኛለሽ፣ ቴሌቪዥንም አለ” ማለት አመጣ። ቴሌቪዥንም አለ ይላታል እንግዲህ! አልተከራከረችውም። ሁሉም በወጡበት ቀን ባለ መስታወቱን የብረት ቁም ሳጥን እግሩ ሥር ሳሙና ቀብታ፣ እየገፋች፣ እያረፈች፣ እየተራገመች ወደ ሳሎን የሚያስገባው በር ላይ ገተረችው። ከዚያ ወዲያ መግቢያ መውጫዋ በጓሮ በኩል ሆነ።

በኋላ የድሮ መሥሪያ ቤቷ በድምፅ የተቀዳ የችሎት ክርክር ቤቱ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ፈለገ። ቅጂው በኢንተርኔት ይመጣል፣ ተጽፎ በዚያው ይመለሳል። የመጀመሪያውን ሥራ እስከ ስድስት ሰዓት ካላወረደች ለሌላ ሰው ይሰጣል ተባለች። ልጇም “ይሄ ከተሳካልሽ ስለ ክፍሉ ሁለተኛ አላነሳም፤ ካልሆነ ግን ይከራያል” አለ። እሷም “ይሁን” አለች።

የመጀመሪያው ሥራ በሚላክበት ቀን ጠዋት ላፕቶፑን ከፈተች። የጎረቤቶቹ ዋይፋይ በየስሙ ተደርድሯል፤ የገዛ ቤቷ ግን ከሁሉም በታች፣ በአንዲት የሲግናል ጭረት። ፓስወርዱን ጻፈች። ገባ፣ ወዲያው ተቋረጠ። ደግማ ጻፈች፣ አሁንም ተቋረጠ። እኔ ፊደል ልሳሳት? ብላ ደሟ ፈላ። ቢጨንቃት “ፓስወርዱ እየገባ ይቋረጣል!” እያለች ቁም ሳጥኑን ደበደበችው። ከወዲያ በኩል ምራቷ መለሰች፤ ስልክ ቤት ነው የምትሠራው፣ የዚያን ቀን ዕረፍቷ ነበር።

“እማማ፣ ፓስወርዱ ልክ ነው። ራውተሩ እዚሁ ከበሩ አጠገብ ነው ያለው። ኢንተርኔቱን ከውጭ በገመድ ይቀበልና ለኮምፒውተርዎ በአየር ይልከዋል፣ ልክ እንደ ሬዲዮ። ኮምፒውተሩም በአየር ይመልስለታል። የእንጨት በር ብዙም አያግደውም። ብረትና መስታወት ግን ይመልሰዋል። በሩ ላይ ምን አለ?”

“እያወቅሽ ትጠይቂኛለሽ?”

“እንግዲያው ላፕቶፑን ይዘው ሳሎን ይምጡ።”

“ሳሎን? ሞቼ እገኛለሁ።”

አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ልጇን ልታግድበት የገተረችው ቁም ሳጥን እሷኑ ዘግቷታል፤ ያናደዳት ይኸው ነው። ብታነሳው ደግሞ ዛሬ አንድ ወንበር፣ ነገ አንድ ሻንጣ እያሉ ቀስ በቀስ እንደሚገቡባት ታውቃለች። ፈራች። ሰዓቷን አየችና ሳሙናውን ፍለጋ ተነሳች።

ብቻዋን ስትታገል ምራቷ በጓሮ ዞራ መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ “ልግባ?” አለች። በዚያ ቤት እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

“ግቢ” አለቻት።

አንዷ ስትገፋ አንዷ ስትስብ ቁም ሳጥኑ ተንሸራቶ ግድግዳው ጋ ቆመ። በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። ጭረቶቹ ሞሉ፤ ቅጂውም ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወረደ። እሜቴ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ መጻፍ ጀመረች።

ልጇ ለምሳ ሲመጣ በሩን ክፍት አገኘው። ፊቱ በራ። “እሰይ፣ ተከፈተ!” ብሎ ሰተት አለ፤ ዓይኑ ግድግዳውን መለካት ጀምሯል።

እሷ እጇን ከፊደሎቹ ላይ አላነሳችም። “የተከፈተው ለዋይፋዩ ነው። አንተ ታንኳኳለህ።”

“ክፍት በር?”

“ክፍት በር።”

ሚስቱን አያት። ሚስቱ ጣሪያውን አየች። ወደ ኋላ ተመልሶ ከበሩ ደፍ ወዲያ ቆመና የበሩን መቃን አንኳኳ።

እሜቴ የጠበቃውን ንግግር እስከ አራት ነጥቡ ጨረሰች። ማዳመጫዋን አወለቀች።

“ማነው?” አለች።