ቃና የምትሰጠን ልጅ

ግንቦት 1988 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። አርባ ምንጭ፣ አማርኛ በማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ገበሬ ቆሞ፣ ወንድሙ ረፋዱ ላይ ከከተማው ውጪ ባለው የጫኖ መንደር በወባ መሞቱን ነገረኝ። የሟቹ ልጅ ከኋላዬ ባለው ክፍል ውስጥ እየዘመረች ነበር።

ጋዜጠኛ የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓት መጻፍ ግን ያን ጊዜም ልማዴ ነበር። የልምምድ ደብተሬ አሁንም እጄ ላይ ስላለ፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ሰዓቶች ከአንዱ በስተቀር ከዚያ የተወሰዱ ናቸው።

የተማሪዎቹ መዘምራን ሃያ ሁለት ነበሩ። ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የመጡት በየቤተ ክርስቲያናቸው በአራት ድምፅ ተከፍሎ መዘመር ለምደዋል። ኦርቶዶክሶቹ ሁሉም በአንድ ድምፅ መሄድ ይቀናቸዋል። ሁለቱን ለማግባባት ሁለት ወር ፈጀብኝ። የሙዚቃ መሣሪያ አልነበረንም። መነሻ ቃናውን የምትሰጠን እርሷ ነበረች፤ ከጫኖ መጥታ በታችኛው ከተማ በሲቀላ ከአክስቷ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ዓይኗን ትጨፍንና አንዲት ድምፅ ታወጣለች፤ ሃያ አንዱ ከዚያች ድምፅ የየራሳቸውን ይወስዳሉ። ሌሎችንም ሞክሬ ነበር። ሌላ ሰው ሲሰጥ መዝሙሩ ወይ ሽቅብ ወጥቶ ሴቶቹ ይታነቃሉ፣ ወይ ወርዶ ወንዶቹ ይሰምጣሉ።

የዚያን ቀን ልምምድ ጥሩ ነበር። በማግስቱ በላይኛው ከተማ በሴቻ ባለው አዳራሽ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበረን። ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ዘግይተው ሲገቡ እርሷ፣ «ዛሬም ከአባያ ጉማሬ ጋር ነው የተለማመዳችሁት?» አለቻቸው። አንደኛው ቀበል አድርጎ፣ የጫኖ ሙዝና የጫኖ ልጅ ሳይበስል ነው የሚቆረጠው አላት። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤ ከሁሉም ይልቅ የሳቀችው እርሷ ነበረች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥቶ ሰው ይፈልግሃል ያለኝ በዚህ መካከል ነው።

አጎትየው እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ቀብሩ ነገ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከደጋ የሚመጡ ዘመዶች አሉ። አባትሽ ታሟል ብሎ ሊወስዳት ነው የመጣው፤ እንዳልነግራት ለመነኝ። እኔም እንደማልነግራት ቃል ገባሁ። ቀጥሎ ያልኩት ግን ማንም ያልጠየቀኝ ነገር ነበር። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው አልኩት፤ ዛሬ ብትሄድ ሌሊቱን ሙሉ በጥርጣሬ ትነድዳለች፤ ነገ ዘምራ ትምጣ።

«መርዶ ለሩቅ ሰው ነው፣ መምህር» አለኝ። «እርሷ ቅርብ ናት።»

እውነቱን ነበር። እኔ የሌላ አገር ሰው ነኝ፤ ወጉን ለእርሱ ማስተማር አይገባኝም ነበር። ውድድሩ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ በሰባት ሰዓት ራሴ ጫኖ አደርሳታለሁ አልኩት። አሁንም ሲያመነታ፣ ከመንግሥት ቤት የሚመጡ ሰዎች ይጠብቋታል ብዬ ጨመርኩ። ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። «እሺ እንግዲህ፣ እርስዎ ካሉ» ብሎ ሄደ። ወደ ክፍሉ ተመልሼ ልምምዱን ሁለት ጊዜ ደገምን።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሴቻ ዳገቱን ስንወጣ አጠገቤ መጥታ አባቷን ወባ እንደያዘው፣ ቅዳሜ ሄዳ እንደምታየው ነገረችኝ። ትሄጃለሽ አልኳት።

የክብር እንግዳው ዘግይቶ ውድድሩ አምስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ከዚያ ንግግር ነበር። በሰባት ሰዓት ከፊታችን ገና ሦስት ቡድኖች ነበሩ። ተራችን ደርሶ ዓይኗን ጨፈነች፤ ድምፁን ሰጠች። እንደዚያን ቀን ዘምረው አያውቁም። ከመድረክ የወረድነው ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው።

በሩ ላይ ሙዝ ለመጫን ወደ ጫኖ የሚመለስ ኢሱዙ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ የመንደሯ ሰው ነው። እየሮጠች መጣች።

«ቲቸር፣ ከቅዳሜ ዛሬ ይሻለኛል። በዚህ ልሂድ? አባቴን ልየው።»

አንደኛ የወጣ ቡድን በመዝጊያው ደግሞ ይዘምራል፤ ያለ እርሷ ደግሞ መጀመር አንችልም። ውጤቱ እስኪነገር ጠብቂ አልኳት። ኢሱዙው ሲሄድ በዓይኗ ሸኝታው ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ውጤቱ ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ተነገረ፤ አንደኛ ወጣን። ደግመን ዘመርን። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ሌላ መኪና ለምኜ ከእርሷ ጋር ተሳፈርኩ። ለምን አብሬያት እንደምሄድ ስትጠይቀኝ፣ አባትሽ በርትቶበታል ብለውኛል አልኳት።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ጫኖ ስንደርስ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሙዙ እርሻ መካከል ወደየቤታቸው እየተመለሱ ነበር። አንዲት ሴት አይታት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ልጅቷ መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። ከመውረዷ በፊት ዞር አለች።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።»

«ስንዘምር?»

«ስትዘምሩ።»

ወረደች። ጩኸቷን የሰማሁት መኪናው ውስጥ ሆኜ ነው። ድምፅዋን በደንብ አውቀው ስለነበር ከሌሎቹ ለየሁት። ለቅሶ ቤት ገብቼ ከበሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አጎትየው ውሃ አቀረበልኝ።

ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰችው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፈተናዋን ተፈተነች። ልምምድ ላይ ግን አልመጣችም፤ እኔም አልጠራኋትም። ሌላ ልጅ ድምፅ እንዲሰጥ ሞከርን፤ በሰኔ መጀመሪያ ተውነው።

ደብተሬ ውስጥ የሌለው ሰዓት የቀብሩ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲቀላ ገበያ አጎትየውን አገኘሁት። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሬሳውን እንዳላወጡት፣ መጥታ እንደሆነ እንዲያዩ ሁለት ጊዜ ወደ ዋናው መንገድ ሰው እንደላከ፣ በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ሽማግሌዎቹ ይብቃ እንዳሉ ነገረኝ። ሰዓቱን ግን አያውቅም፤ ሰዓት አያስርም። የሚያስረው በቀብሩ ላይ የነበረው የቀበሌው የጤና ረዳት ነው፤ ሄጄ ጠየቅኩት። አፈር ማልበስ ሲጀምሩ ሰዓቱን አይቶ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።