ፑላ ሲባል አቤት ያለችው

ያን ጊዜ ክረምት የሚባለውን ነገር ረስተነው ነበር። ሰማዩ ከዓመት ዓመት እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ብሎ ይውላል። ነፋሱ አሸዋ እያመጣ ጥርሳችን መሀል ይሞጅራል። ከብቶቹ በየመንገዱ ወድቀው ጅብ እንኳ ጠግቦ ጥሏቸው ያልፋል። ውኃ የምንቀዳው የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ጭረን ነው። ቦትስዋና ገና በእንግሊዝ እጅ ሆና ቤቹዋናላንድ ስትባል፣ እኛ በሾሾንግ ኮረብቶች ግርጌ ስንኖር ማለቴ ነው። ከዚያ ዘመን ከሁሉ የማይጠፋኝ የአቧራው ጣዕም ነው፤ ዛሬም ምላሴ ላይ አለ።

በዚያ ድርቅ እንደ ሞትላሌፑላ የተሳቀበት ሰው የለም። ስሟ «ከዝናብ ጋር የመጣች» ማለት ነው፤ ስትወለድ ዶፍ ይወርድ ነበር አሉ። እኛ አሳጥረን ፑላ እንላታለን፣ ዝናብ። ፑላ ደግሞ በእኛ ዘንድ ዝናብ ብቻ አይደለም። ምርቃቱም እሱ ነው፣ የደስታው ጩኸትም እሱ ነው፣ ንግግር ያማረለት ሰው የሚሸለመውም እሱው ነው። ታዲያ ሴቶቹ ውኃ ወረፋ ላይ ሲያገኟት፣

«አንቺ ፑላ፣ ምነው ብቻሽን መጣሽ?» ይሏታል።

«ምን ላድርግ እቴ! ስወለድ ያለውን ሁሉ አፍስሼ ጨረስኩት። እናቴም ቆጥቢ አላለችኝ!»

የማያስቅ ነገርም ነበረባት። ባሏ ጆሃንስበርግ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ሲቀር የተወላት አንዲት ማሳ ናት። ዋርሳዋ ሞጋፒ ማሳዋ ጦም ማደሯን አይቶ፣ «ያላረሰ ባለቤት አይባልም» ብሎ በእሾህ ሊያጥራት ተነሣ። ማሳዋ ከሄደች ፑላ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሰው ማጀት መግባቷ ነው። ለሹሙ ብታመለክት ነገሩ ወደ ሸንጎ ይቅረብ ተባለ። ሴት ደግሞ ካልተጠራች ሸንጎ አትገባም፤ የሚናገርላት የባሏ ወገን ነው። የባሏ ወገን ማን ነው? ያው ሞጋፒ!

«ለእኔም እሱ ተናግሮ፣ በእኔም ላይ እሱ ተናግሮ፣ ሲደክመው ምሳውን ላምጣለት?» ስትል ሹሙም ሳቁ አመለጠው።

«እሺ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆዪ። ስትጠሪ ትገቢያለሽ» አላት።

በቀጠሮው ቀን በግንድ ከታጠረው ሸንጎ ውጪ፣ ጥላው ሥር ግንዱን ተደግፋ ተቀመጠች። የምትናገረውን ስታጠና ስላደረች ሙቀቱ ሲጨመርበት እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰዳት። በመሀሉ ከአዲሱ መንግሥት የተላከ ወጣት በመኪና ደረሰ። እንግሊዝ ሊለቅ ነው፣ በመጪው መስከረም ነጻ እንወጣለን ብሎ አዲሱን ባንዲራ ዘረጋ። ሰማያዊ ነበር።

«ሰማያዊማ ሞልቶናል» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ደመና ያለበት አልነበረም?»

«ይሄ የውኃ ምልክት ነው፣ አባቴ።»

«ውኃ ከሆነማ ጭመቀዋ!»

ሳቁ በረድ ሲል ወጣቱ ክንዱን አንሥቶ «ፑላ!» አለ። ወንዱ ሁሉ ብድግ ብሎ «ፑላ! ፑላ! ፑላ!» ብሎ አስተጋባ።

«አቤት! መጣሁ!»

ፑላ ሻሿ ወልቆ፣ አንድ እግር ጫማዋ ውጪ ቀርቶ፣ የግንዱ ቅርፊት ጉንጯ ላይ ታትሞ መሀል ሸንጎ ገብታ እጅ ነሣች። ቀና ስትል ሰማያዊውን ጨርቅ አየች። ሞጋፒ ማሳዋን ሊያጥርበት ያመጣው ሸራ መሰላት።

«ጌቶቼ፣ ይሄን በሚያህል ሸራ ካጠራትማ እኔ የት ልግባ?»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ማን ጠራሽ?» አለ ሞጋፒ።

«አገሩ በሙሉ ነዋ! አንተስ አፍህን ከፍተህ ስትጮህ አልነበረም?»

«የጮህነው ለነጻነት ነው!»

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ፊቷ እሳት ለበሰ። መሬቱ በድርቅ ያልተሰነጠቀበት ቦታ አልነበረም፤ እሷን የሚውጥ አንድ ስንጥቅ ግን አጣች። ያጠናችውም ብን ብሎ ጠፋ። አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«አላረስኩም፣ እውነት ነው። እናንተስ ማን አረሳችሁ? ሞጋፒ፣ አንተ አርሰሃል? በዚህ ከሆነ የዚህ ሁሉ ሰው ማሳ በእሾህ ይታጠር።»

ወንዶቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ሹሙ በሳቅ የመጣ እንባውን ጠረገ።

«ይቺን ሴት ይሄ ሁሉ ወንድ በስሟ ጠርቷታል፤ አልተጠራሽም ብዬ አላስወጣትም። ዝናብ ሲመጣ ማሳው ላይ ዘር ይዞ የተገኘ፣ ባለቤቱ እሱ ነው» ብሎ ፈረደ።

ፑላ በማግስቱ የማሽላ ዘሯን፣ መቆፈሪያዋንና ልጆቿን ይዛ ማሳዋ ዳር ጎጆ ቀለሰች። መስከረም መጣ፤ አገሩ በሬ አርዶ ሲጨፍር እሷ ሞጋፒ ይቀድመኛል ብላ ንቅንቅ አላለችም። ሞጋፒ ግን ከጭፈራው መሀል ነበር። «እኔ ነጻ የወጣሁት በወሬ ነው፤ ሥጋውንም አልቀመስኩ» እያለች በራሷ ትስቅ ነበር።

የገና በዓል ሲቃረብ፣ የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ጣሪያዋን መታ።

«ሞጋፒ! ጠጠር መወርወሩን ተው!» ብላ ጮኸች።

ከዝናብ ጋር መጣች የተባለችው ሴት ዝናብን አላወቀችውም! ልጆቿ እየጎተቱ አወጧት። ሞጋፒ በጭቃ ተለውሶ ሲደርስ ግማሹን ዘርታዋለች።

«ዘገየህ፣ ዋርሳዬ። በል ቆመህ ከምትበሰብስ ዘሩን ያዝልኝ» አለችው። ያዘላት።

ከዓመታት በኋላ መንግሥት የራሱን ገንዘብ ሲያወጣ ስሙን ፑላ አለው። «እንግዲህ ገበያ በወጣሁ ቁጥር አቤት ስል ልዋል?» አለች።

ልጆቿ ማሃላፕዬ ከተማ ቤት ሠርተው ከእኛ ጋር ኑሪ ብለው ቢለምኗት እምቢ አለች። ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው መከር ነው። ከሾሾንግ በስተምዕራብ፣ እዚያችው ማሳዋ ላይ፣ በጎጆዋ ትኖራለች።