የአበርገሌዋ ሴናተር

ባለፈው ሰኔ አንድ ጠዋት፣ ወደ ሥራ የምትወስደኝ ባጃጅ ሰቆጣ ገበያ አጠገብ በጎች መንገድ ዘግተውባት ቆማ ሳለ፣ የሬዲዮው ዜና አንባቢ የአሜሪካ ሴኔት አንድ ረቂቅ ሕግ ውድቅ ማድረጉን ተናገረ። ሾፌሩም ዞር ብሎ፣ «እትዬ፣ ይኼ ሴኔት የሚሉት ምንድን ነው?» አለኝ። መልሱን አላጣሁትም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዝናብ ያራሰው አፈር ሽታ ከዚያች ቃል ጋር አብሮ መጣብኝ። «ረጅም ነው ወንድሜ» ብዬ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ያ ሽታ መስታወት በሌለው መስኮት ወደ ዘጠነኛ ክፍላችን ይገባ የነበረው ሽታ ነው። የሥነ ዜጋ መምህራችን ቲቸር ታረቀኝ ከደሴ በኩል ተመድቦ የመጣ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የማያወልቅ፣ ስለ አሜሪካ መንግሥት አወቃቀር የተጻፈ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም መጽሐፍ እንደ ዳዊት በብብቱ ይዞ የሚዞር ቀጭን ሰው ነበር። ስለ ሕግ አውጪው፣ ስለ አስፈጻሚውና ስለ ተርጓሚው ሲያስተምር እነዚያ ሰዎች ትናንት ማታ እሱ ቤት ተሰብስበው ሲጨቃጨቁ ያደሩ ይመስል ነበር። አንድ ቀን የኮንግረሱን ሕንፃ ሥዕል፣ ያን ነጭ ጉልላት ያለውን፣ ከፍ አድርጎ ሲያሳየን ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ታቦቱ የማን ነው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም እንባው እስኪመጣ ስቆ፣ «ታቦቱ ሕግ ነው፤ ካህናቱ ግን ሁልጊዜ ይጣላሉ» አላት።

ልጅቷ ዘርፌ ነበረች። ከአበርገሌ፣ ከኒሯቅ፣ ለትምህርት ወደ ሰቆጣ መጥታ አጎቷ ቤት የተጠጋች የመሪጌታ ልጅ ነች። የአገራችንን ቋንቋ ኽምጣናን እየተናገረች ስላደገች አማርኛዋ ከበድ ይል ነበር፤ ቃሉን ከመጣሏ በፊት ልክ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ትንሽ ቆም ትላለች። እኛ የከተማ ልጆች በዚያች በቆመችባት ጊዜ ውስጥ ነበር የምንስቀው። እኔም እስቅ ነበር። እውነቱ ግን የእኔም እናት ከገጠር የመጣች፣ ቤታችን ውስጥ በሩ ሲዘጋ ከኽምጣና ሌላ የማትናገር ሴት ነበረች። ይህን ከክፍሉ ልጆች ደብቄ ነው ያደግሁት፤ እናቴ ትምህርት ቤት ስትመጣ እንኳ ከበሩ ውጭ ነበር የማናግራት።

ቲቸር ታረቀኝ ክፍሉን እንደየመጣንበት አገር በአምስት ክፍለ ግዛት ከፈለው፤ ሰቆጣ ከተማ፣ ዝቋላ፣ ደሃና፣ ጻግብጂና አበርገሌ። ከከተማው ልጆች ብዛት የተነሳ ወንበር አይበቃንም፤ አበርገሌዎች ግን አራት ብቻ ነበሩ። ድምፅ በልጆች ቁጥር ይቆጠር ሲባል ዘርፌ ተነሳች፤ ቆም አለችና፣ «እኛ አራት ነን። የእኛ ድምፅ መቼ ነው የሚሰማ?» አለች። መምህራችን ጠመኔውን እስኪጥል ድረስ ደስ አለው። እነዚያ የአሜሪካ ሰዎችም በዚሁ ጉዳይ አንድ በጋ ሙሉ በር ዘግተው እንደተጨቃጨቁ፣ በመጨረሻ አንዱን ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሌላውን ደግሞ ትንሹም ትልቁም ክፍለ ግዛት እኩል ሁለት ሁለት ሰው እንዲልክበት አድርገው እንደታረቁ ነገረን። በዚያው ቀን ዘርፌ የአበርገሌ ሴናተር ሆነች። ለብዙ ሳምንታት ሰሌዳ የሚያጸዳው ማን ነው፣ መስኮት አጠገብ የሚቀመጠው ማን ነው የሚለው ሁሉ በሁለት ምክር ቤት እየተከራከርንበት ያልፍ ነበር። የክፍሉ አለቃ ፕሬዚዳንት፣ እኔ ደግሞ ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ነበርኩ። እጅግ አድርገን ኮርተን ነበር።

ከዚያ አንድ የከተማ ልጅ ረቂቅ ሕግ አመጣ። በክፍል ውስጥ በኽምጣና የተናገረ ሰው ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ፊት ለፊት ይቁም የሚል ነበር፤ ምክንያቱ «በቋንቋቸው ያሙናል» ነው። በሕዝብ ብዛት የሚቆጠረው ምክር ቤት ወዲያው አጸደቀው። ሴኔቱ አምስት ለአምስት ሲሆን ምክትል አለቃው ድምፁን ከከተማው ጋር አደረገ፤ አለቃውም ፈረመ። ዘርፌ ግን አልተወችውም፤ ወደ እኛ ወደ ዳኞቹ መጣች።

ሦስታችን የመምህሩን ጠረጴዛ ከበን ተቀምጠናል። ዘርፌ የክፍላችንን ሕገ መንግሥት፣ ከመጽሐፉ እያየን ራሳችን የጻፍነውን፣ ይዛ ቆመች። «አንቀጹ ማንም ሰው የመናገር መብቱ አይነፈግም ይላል» አለች። «በየትኛው ቋንቋ እንደሆን አልለየም። ያልለየውን እናንተ ከየት አምጥታችሁ ትለያላችሁ?» እንዲህ ብላ ተቀመጠች። አንደኛው ዳኛ ከእሷ ጋር ሆነ፤ ሁለተኛው ከሕጉ። ሁሉም እኔን አዩኝ። ከከተማ ልጆች መካከል አንዱ ስሜን ጠርቶ፣ «የደስታም እናት እኮ…» ብሎ ሲጀምር ሰማሁት። ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ አልጠበቅሁም። «ሕጉ ይጸናል» አልኩ፤ ድምፄ ቸኮለ።

ቲቸር ታረቀኝ አልተቆጣም። መስኮቱን ተደግፎ፣ ባሪያ ስለነበረና ባርነት በሌለበት ክፍለ ግዛት ኖሬአለሁና ነፃ ልባል ብሎ ስለከሰሰ አንድ አሜሪካዊ ነገረን። ትልቁ ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው ዜጋ ስላልሆነ መክሰስም አይችልም ብሎ እንደፈረደበት፣ ያ ፍርድ የተሻረው ከብዙ ደም በኋላ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ እንደሆነ አስረዳን። «ሰውየው ግን ማሻሻያውን ሳያይ ሞተ» አለና መጽሐፉን ዘጋ። እኔን አላየኝም፤ እንዳያየኝ መጠንቀቁ ግን ገባኝ።

በሳምንቱ ዘርፌ ለጎረቤቷ የአበርገሌ ልጅ የአንድ ቃል ትርጉም በኽምጣና በሹክሹክታ ስትጠይቅ ተያዘች። የሒሳብ መምህሩ ቀርቶ ስለነበር ክፍሉ በአለቃው እጅ ነበር። አርባ ደቂቃ ፊታችን ቆመች። አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ ከጭንቅላታችን በላይ ያለውን ግድግዳ ታይ ነበር። እኔ ደብተሬ ላይ መስመር አሰምር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን አውጥታ አታውቅም።

መምህራችን ማሻሻያ እንዲቀርብ አደረገ። ከሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከአምስቱ ክፍለ ግዛቶችም አራቱ ያስፈልጉ ነበርና ክርክሩ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተዛወረ። በበዓሉ ሰሞን ፀፀቱ ሲያንገበግበኝ ሰንብቶ፣ ስንመለስ ስለ ማሻሻያው መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ፤ ስለ እናቴም ተናገርኩ፤ ማንም አልሳቀም። ሕጉ ተሻረ። ቲቸር ታረቀኝ ውጤቱን ሰሌዳው ላይ ጻፈ። የአበርገሌን ድምፅ የሰጠው ግን ሌላ ልጅ ነበር፤ የዘርፌ ቦታ ባዶ ነው። ለፋሲካ አገሯ ወርዳ አልተመለሰችም። ዳሯት አሉ። አማርኛው ስለከበዳት ነው ያሉም ነበሩ።

ኒሯቅ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ነው እንጂ ክፉው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እሄዳለሁ እያልኩ፣ ሕግ ተምሬ፣ ዳኛ ሆኜ፣ እዚሁ ሰቆጣ ተመድቤ፣ አልሄድኩም።

ከዚያ ሰኔ በኋላ፣ ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ እናት አባት ላጡ ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ሞግዚት እንዲባሉ አመልክተው ችሎቴ ቀረቡ። መዝገቡን ስከፍት የሟች እናት ስም የሚለው ቦታ ላይ ዘርፌ ይላል። በወሊድ ነው፤ ወደ ሆስፒታል ሲያመጧት መንገድ ላይ። ፊደሉ ሲደበዝዝብኝ ቀና ብዬ የመጀመሪያዋን ልጅ አየሁ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናታል። በኽምጣና፣ በእናቴ ቋንቋ፣ ስምሽ ማነው አልኳት። ወደ አያቷ ጆሮ ጠጋ ብላ በዚያው ቋንቋ አንሾካሾከች፦ «እዚህ ይፈቀዳል እንዴ?»

«ምን አለችዎ?» አልኳቸው፤ ሰምቼ ሳለ።

«አይፍረዱባት፣ ክብርት ዳኛ» አሉ መሪጌታ። «እናቷ ነበረች የምታስጠነቅቃቸው። ሰቆጣ ስትሄዱ በአማርኛ ብቻ ተናገሩ ትላቸው ነበር።»

የሞግዚትነቱን ውሳኔ ሰጥቼ ሳበቃ ኮሪደሩ ላይ ተከትያቸው ወጣሁ። ደስታ እንደምባል፣ ከዘርፌ ጋር እንደተማርኩ፣ በዚያ ቀን የፈረድኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ሕጉ በኋላ እንደተሻረም ጨመርኩ፤ ያ ነገር ከአፌ ሲወጣ ምን ያህል ትንሽ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው።

«መሻሩን አልሰማችም ልጄ» አሉኝ አዛውንቱ። «ማን ይንገራት? ስለ አንቺ ግን ክፉ አልነገረችኝም። ዳኛ የሆነች ጓደኛ ነበረችኝ ትል ነበር።»

መርቀውኝ ልጆቹን ይዘው ወደ መኪና ተራ ሄዱ። እኔ ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ወደ ችሎት ተመለስኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንቀጽ ሳነብ ኖሬአለሁ፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ዘርፌ እንዳነበበችው አድርጎ ያነበበ ጠበቃም ዳኛም እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የተቀመጥኩበት ወንበር ለእሷ ይገባ ነበር። ስንት ሰው ከእሷ አፍ ፍትሕ ይሰማ እንደነበር፣ በየትኛውም መዝገብ አይገኝም።