የባልቴቷ ጣሪያ

ልብስ ሰፊዋና ሹፌር ባሏ አሮጌዋን ቫናቸውን «ባልቴቷ» ይሏታል። ውስጧ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና ወደ ላይ የሚከፈት የሸራ ጣሪያ አላት። ዳገት ላይ ታቃስታለች፤ ቁልቁለት ሲመጣ ግን ወጣትነቷ ትዝ ይላታል። በወር አንዴ ሐይቅ ዳር ወስዳ ታሳድራቸዋለች። ወሩን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎብጦ የሚከርመው የልብስ ሰፊዋ ወገብ ቀና የሚለው እዚያ ብቻ ነው። ባሏም ቢሆን የሰው ሰው ሲያመላልስ ከርሞ የገዛ ልጁን ጭኖ የሚነዳው ያኔ ነው።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ያረጀው ሸራ አፈሰሰና ልጅቷ በስብሳ ሳል ያዛት። ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የሚባል አላዩም። ባልየው እንደ ዳኛ ፈረደ፦ ከዚያ ጣሪያ ሌላ አንዲት ጠብታ ብትወርድ ባልቴቷ ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች። ሚስቱ ብትለምነው፣ ብታኮርፈው፣ ወይ ፍንክች።

እሷም ወፍራም ሸራ ገዝታ ራሷ ልትሰፋው ተነሳች። ጎረቤቷ፣ የመኪና ወንበር አልባሹ፣ «አደራ በዚህ ስፊው» ብሎ ናይለን ክር ሰጣት። የእሷ የስፌት መኪና ግን ናይለኑን አልወደደችውም፤ በየስንዝሩ በጠሰችው። ቢቸግራት የለመደችውን የጥጥ ክር አስገብታ ጨረሰችው።

ሐይቁ ዳር ደርሰው ባሏ ጣሪያውን ገፍቶ ሲከፍተው ቀና ብላ አየች። ፀሐይዋ በመርፌ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ትሾልካለች። ወንፊት ሰፍቼ መጣሁ አለች በሆዷ።

ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳሉ ደመናው ከሐይቁ ማዶ መጣ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበው ጀመር። ልጇን ወደ ጉያዋ ስባ ዓይኗን ስፌቱ ላይ ተከለች። ውሃው መገጣጠሚያው ላይ ሲያቁር አየች። አንዲት ጠብታ ተንጠለጠለች፣ አመነታች፣ ባልየው ግንባር ላይ ጠብ አለች።

በጣቱ ጠረጋት። ሁለቱም ሁለተኛዋን ጠበቁ። ዝናቡ ባሰበት፤ ሁለተኛዋ ግን አልመጣችም።

መቻል ቢያቅታት፣ «በጥጥ ክር ነው የሰፋሁት፤ ናይለኑ እምቢ ብሎኝ» አለችው።

«ታዲያ ለምን አያፈስም?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ልጅቷ በመሃላቸው ብቅ አለች። «አባዬ፣ አንድ ጠብታ ከወረደ እንሸጣታለን ብለህ አልነበር?»

ባልየው ልጁን አያት። እስከ ካልሲዋ ደረቅ ናት። ግንባሩን እንደገና ዳበሰ።

«ያቺ እንኳ ላቤ ናት» አለ።

ልብስ ሰፊዋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ሲመለሱ ናይለኑን ለወንበር አልባሹ ወስዳ ሁሉንም ነገረችው። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ አስረዳት። ለካ የድሮ ድንኳን ሰፊዎችም በጥጥ ክር ኖሯል የሚሰፉት፤ ክሩ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍነዋል። ያቺ ጠብታ ክሩ ጠጥቶ እስኪጠግብ ያመለጠች ናት። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኸው ነው አለች።

አሁን ከጉዞ በፊት ጣሪያውን በባልዲ ውሃ ታጠጣዋለች። ባሏም ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጠይቃል፦

«ባልቴቷ ጠጣች?»