እሳት የተባለው አባቴ ቆላ የወረደ ቀን

ባለፈው እሑድ ልጄ ቤቴል ከጋብቻ ትምህርት ስትመለስ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ቤተ ክርስቲያኗ የተጫጩ ወጣቶችን ከሠርጋቸው በፊት ለጥቂት ወራት ታስተምራለች፤ የዚያን ሳምንት ትምህርት ደግሞ ስለ ሰው ጠባይ ነበር። «እማዬ፣ አንቺም ሙዪው» አለችና በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ቶሎ ትቆጫለሽ ወይ? ሰው ሲሰበሰብ ደስ ይልሻል ወይ? ቂም ትይዣለሽ ወይ? መጨረሻ ላይ ደማመረችና «ፍሌግማቲክ ነሽ» አለችኝ። «ረጋ ያልሽ፣ ሰው ወደመራሽ የምትሄጂ ማለት ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ስሙን ባላውቀውም ፍርዱን አውቀዋለሁ። ከአርባ ዓመት በፊት ጨንቻ ላይ ይህንኑ ያለ ወረቀትና ያለ እስክሪብቶ የነገሩን ሰው ነበሩ።

መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ። ከሰፈራችን የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ካለበት ጉብታ ሥር ይኖሩ ነበር። ቅጠልና ሥር ያውቃሉ፤ ከዚያ በላይ ግን የሚታወቁት ሰውን በማንበብ ነው። ሰው ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት ተሠርቷል፤ አራቱ ሲስማሙ ጤና፣ አንዱ ሌላውን ሲያሸንፍ ሕመም ነው ይሉ ነበር። የታመመ ሰው ሲመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ሕመሙ አይደለም። እንቅልፉን፣ ንዴቱን፣ ላቡን፣ ሲርበው ምን እንደሚያምረው ይጠይቃሉ። እሳት ለበረታበት ዳጣና ቃሪያ ይከለክሉና ተልባና የገብስ ቤሶ ያዙለታል። ነፋስ ለበረታበት፣ ሐሳቡ አልያዝ ላለ ሰው፣ ትኩስ ትኩሱን ብላ፣ በጊዜ ተኛ ይሉታል። ብዙ ሰው ይሻለው ነበር። ዛሬም ቢሆን ያን ምክራቸውን አልንቅም፤ እንዲያውም ጨው ቀንሺ፣ ተራመጂ፣ አትናደጂ የሚለኝ የዛሬው ሐኪሜ ከእርሳቸው የራቀ አይመስለኝም።

እኔን በሰባት ዓመቴ አይተው «ይቺ ውኃ ናት» አሉ። እናቴ ደስ አላት፤ ውኃ የሆነች ሴት ልጅ አታስቸግርም። ከዚያ በኋላ ግን ቤት ውስጥ ምክር ሲኖር እኔን የሚጠይቅ ጠፋ። «እሷ እንደሆነች ያልናትን ናት» ይባላል። አሥራ ሰባት ዓመት እስኪሞላኝ እኔም አምኜው ነበር።

አባቴ ወጋሶ ደግሞ እሳት ተባለ። ይህን ለማወቅ መሪጌታ መሆን አያስፈልግም። ሸማኔ ነበር፤ ክር ሲበጠስበት መወርወሪያውን ከጓሮው እንሰት ውስጥ ወርውሮ፣ ራሱ ሄዶ ሲፈልግ የምናየው ሰው። ነገሩ ከባድ የሆነው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከሞተ በኋላ ነው። ለጥጥ ለቀማ ቆላ ወርዶ በሦስት ሳምንቱ ትኩሳት ገደለው። አባቴ ከለቅሶው በኋላ መሪጌታ ዘንድ ሄደ። «የእርሱም የአንተም ባሕርይ አንድ ነው» አሉት። «እሳት ላይ እሳት አይጨመርም። ቆላ አትውረድ።»

አሥራ ሁለት ዓመት አልወረደም። ከመንደራችን ጫፍ ላይ ቆሞ ሐይቆቹን ቁልቁል እያየ፣ አርባ ምንጭን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይረግጣት ኖረ።

የሚያዝያ ዝናብ የበረታበት ሰሞን ነበር። አባቴ አንድ ጠዋት ሆዱን ይዞ ከሽመናው ጉድጓድ ወጣ። ቁርጠት ነው ብለን ወደ መሪጌታ ሰው ላክን፤ ፌጦ ላኩልን። ጠጣው። እስከ ማታ አስታወከ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቴ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና፣ ለሴት ልጅ የማይነገር ነገር በመሆኑ ፊቷን አዙራ፣ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አባቴ ብሽሽቱ ላይ ለዓመታት ቡአ ነበረበት፤ ሲተኛ ይገባለታል። አሁን አልገባም ብሏል፤ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ቢነኩት ያስጮኸዋል።

«ሂጂና ለመሪጌታ ንገሪ» አለችኝ። እናቴ የላከችኝ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው።

የእንሰት ቅጠል ራሴ ላይ ደፍቼ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ እየዋጠኝ ሮጥኩ። መሪጌታ ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቅዳሴ ሊወጡ ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው።

«መድኃኒቱን ጠጣ?»

«ጠጣ። አልተወውም።»

«ፌጦ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። እስከ ነገ ይታገሥ» አሉና መንገድ ጀመሩ።

ሌላ ቀን ቢሆን እጅ ነስቼ እመለስ ነበር። እግሬም ሊመለስ ቃጥቶት ነበር። ግን የአባቴ ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ ነበርና ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ ሳይመጡ አልሄድም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሄድም። እናቴ የነገረችኝን ሳይሰሙም አያልፉም።»

ከዚያ እናቴ የነገረችኝን፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ ቃል ሳልዘል ነገርኳቸው። ስጨርስ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ቤት ተመለሱ። የመድኃኒት ከረጢታቸውን ሊያነሡ መስሎኝ ነበር፤ ከተሰቀለበት አላወረዱትም። መቋሚያቸውን ብቻ ይዘው ወጡ። ያኔ ነው በእውነት የፈራሁት።

ቤት ስንደርስ ጎረቤት ሞልቷል። የእናቴ ወንድም ሻንቆ አባቴ ራስጌ ቆሞ ይጮሃል። ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ሆስፒታል ይውረድ ነው የሚለው። አነጋገሩ ግን ትእዛዝ ነበር።

«ተነሥ ብያለሁ! ሕፃን ነህ?»

«ከሞትኩ እዚሁ ልሙት!» አለ አባቴ ጥርሱን ነክሶ። «ወንድሜን የበላች ቆላ እኔን አትበላም!»

እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። ባሰበት። መሪጌታ ሁሉንም ዝም አሰኝተው አጠገቡ ተንበረከኩና ሆዱን ዳሰሱት፤ ብሽሽቱን ነካ አድርገው እጃቸውን አነሡ። ከዚያ በቀስታ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ተባባሉ። በጋሞኛ ነበር፤ እንደሚመቸኝ በአማርኛ ልጻፈው።

«ወጋሶ፣ ቆላ አትውረድ ያልኩህ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት! ታዲያ ይንገሯቸዋ!»

«እነግራቸዋለሁ። ተሳስቼ ነበር።»

ሻንቆ ከአባቴ ራስጌ ፈቀቅ አለ። 

«ወንድምህን የገደለው ወባ ነው» አሉ መሪጌታ። «የማላውቀውን ነገር በማውቀው ስም ጠራሁትና አሥራ ሁለት ዓመት አሰርኩህ። ያንተ ባሕርይ እሳት ነው፤ እሱን አሁንም እላለሁ። ይህ ግን የባሕርይ ነገር አይደለም። አንጀትህ ታንቋል። ይህን የሚፈታ ቅጠል እኔ ዘንድ የለም፤ ሐኪም ቀዶ ነው የሚፈታው።»

አባቴ የሚቆጣበት ነገር ፈለገ። ዓይኑ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ሲሄድ አየሁት። ሻንቆ ላይ መጮህ ይችል ነበር፤ እናቴን መገፍተር ይችል ነበር። ተሳሳትኩ ብለው ፊቱ የተንበረከኩትን ሽማግሌ ግን ምን ይበላቸው? ትንፋሹ ቀስ በቀስ ረጋ።

«እርስዎም ይወርዳሉ?» አለ በመጨረሻ።

«እወርዳለሁ።»

መሪጌታ ያን ጊዜ ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። ከተራራው ሲወርዱ ያየ ሰው በመንደሩ አልነበረም።

መንገዱ በዝናቡ ተበላሽቶ መኪና መውጣት ካቆመ ሰንብቷል። ሻንቆና ጎረቤቶች ሁለት የቀርከሃ ዘንጎች ላይ ቡሉኮ ጠፍረው ቃሬዛ ሠሩ። ስምንት ሰዎች አነሡት። ከየመንደሩ አዲስ ተሸካሚ ለመጥራት ቀድሞ የሚሮጥ ሰው ያስፈልግ ነበርና ሻንቆ አንዱን ጎረምሳ ሊልክ ሲል መሪጌታ በመቋሚያቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«እሷ ትቅደም። ውኃ ናት ብያችሁ የለ? ውኃ ቁልቁለቱ አይጠፋትም።»

ቀደምኩ። ከዋናው መንገድ ወጥቼ በአቋራጩ፣ በእንሰቱና በቀርከሃው መካከል እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። መንደር ጫፍ ስደርስ «ሕመምተኛ ነው! የሰው ያለህ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ማንም የማን ልጅ ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ሰዎች ዶማቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ቃሬዛው ሲደርስ ሳያስቆሙ ከትከሻ ወደ ትከሻ ይቀባበላሉ፤ እስከሚቀጥለው መንደር አድርሰው ይመለሳሉ። አንዲት ሴት ቁራሽ የበቆሎ ቂጣ እጄ ላይ አኖረችልኝና «ብዪ፣ አትቁሚ» አለችኝ። እየሮጥኩ በላሁ።

እየወረድን ስንሄድ ብርዱ ለቀቀን። ጭጋጉ ከበላያችን ቀረ፤ አየሩ ወፈረ፤ የእርጥብ ሣር ሽታ በደረቅ አፈርና በግራር ሽታ ተተካ። የቀርከሃው ጥላ ሲያልቅ አባቴ ቃሬዛው ላይ ይወራጭ ጀመር።

«ደሜ ፈላ! መልሱኝ!»

መሪጌታ ነጠላቸውን ወንዝ ውስጥ ነክረው ግንባሩ ላይ አኖሩለት። «አልፈላም። እጄን ያዝ። እኔም ሞቆኛል፤ አልሞትኩም» ይሉታል።  ሁለት ጊዜ ወድቀው ተነሡ፤ ሻንቆ እዚህ ይረፉ ቢላቸው መቋሚያቸውን ወደፊት ተክለው አለፉት።

ከሰዓት በኋላ ከተራራው ሥር፣ ጫኖ አጠገብ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው መንገድ ላይ ወጣን። ሁለት መኪና ቆሞ አይቶን ሄደ። ሦስተኛው ፒክአፕ ነበር፤ ሾፌሩ ወደ ቃሬዛው አየና «መኪናዬ ላይ ቢሞትስ?» ብሎ ማርሽ አስገባ። እኔ መኪናው ፊት ቆምኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ውጪ ከመንገድ!»

«አልወጣም።»

«እነዳብሻለሁ!»

«ንዳ።»

እጄ ኮፈኑ ላይ ነበር፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ መዳፌ ይንቀጠቀጣል። ከእልህ ይሁን ከድካም እንባዬ ይወርዳል፤ እግሬ ግን ንቅንቅ አላለም። ሾፌሩ ተሳደበ፤ እናቴን ሳይቀር ሰደበ። ከዚያ ወርዶ የኋላውን በር ከፈተ።

ሆስፒታል ውስጥ ወጣት ሐኪም ተቀበለን። መሪጌታን ከላይ እስከ ታች አያቸውና «ምን አጠጧቸው?» አላቸው፤ ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበረ።

«ትናንት ጠዋት ፌጦ፣ አንድ ስኒ። ዛሬ ምንም። የሚያስቀምጥ ነገር አልሰጠሁም፤ አላሸሁትምም። እብጠቱ መኖሩን የሰማሁት ዛሬ ጠዋት ነው፤ ያኔውኑ አመጣሁት።»

ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ጎሽ፣ አባቴ» አለ። ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ።

አባቴ ዳነ። ከአንጀቱ ጥቂት ተቆርጦለት ሁለት ሳምንት ተኛ። በሦስተኛው ቀን ነርሷን ሙቀቱን በቀን አራት ጊዜ እንድትለካው ያስቸግር ነበር፤ በአሥረኛው ቀን ግን ግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ማንጎ እየመጠጠ አገኘሁት፤ ጭማቂው እስከ ክርኑ ወርዷል። «እንዲህ ያለ ነገር እያለ ነው እዚያ ብርድ ውስጥ የኖርኩት?» ብሎ ተቆጣ። ድኖ ሲመለስ ቁጣው አብሮት ተመለሰ፤ መወርወሪያውንም እንሰቱ ውስጥ መወርወሩን አልተወም። ሸማውን ግን በየወሩ ራሱ ይዞ አርባ ምንጭ ይወርድ ጀመር። እኔ የመምህራን ትምህርት ልማር ብዬ ስጠይቀው እናቴ «እሷ እኮ ውኃ ናት፤ ከተማ ይውጣታል» አለች። አባቴ ከት ብሎ ሳቀና «መኪና ያቆመችውን ነው?» አላት።

መሪጌታ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ኖሩ። ሰው ማንበባቸውን አልተዉም። ነገር ግን ከእርሳቸው ዘንድ የመጣ ሁሉ የሚናገረው አንድ አዲስ ነገር ነበር፤ ምክራቸውን ከጨረሱ በኋላ «ይህ እኔ ያየሁት ነው፤ ያላየሁት ይበልጣል» ይላሉ። አንዳንዱ ሰው መሪጌታ አረጁ፣ እውቀታቸውን ተጠራጠሩ አለ። እኔ ግን ያን ጠዋት ሲንበረከኩ ስላየሁ አልተቀበልኩትም።

ዛሬ ዕድሜዬ አባቴ ያን ቀን ከነበረበት አልፎ ወደ መሪጌታው እየተጠጋ ነው። ሠላሳ ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስንቱን ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ሰነፍ ነው፤ ይቺ ቀዥቃዣ ናት» ብዬ እንደመደብኩ አስባለሁ። በአንዳንዶቹ ልክ ነበርኩ። ልክ ያልሆንኩባቸውም አሉ፤ አንድ ሁለቱን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ገበያ አገኛቸዋለሁ፤ አንዱ እዚያው ከተማ ውስጥ ሐኪም ነው። በቃሉ ማጥናት ስላቃተው ትምህርት አይሆንህም ብዬው ነበር። ሲያገኘኝ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ይስመኛል፤ ያልኩትን የረሳው ይመስላል።

እኔ ግን አልረሳሁም። የሰውን ጠባይ ማወቅ ትልቅ ነገር እንደሆነ አሁንም አምናለሁ፤ መሪጌታ የአባቴን እሳት ባያውቁ ኖሮ እንዴት እንደሚያናግሩት አያውቁም ነበር፤ ሻንቆ እንዳደረገው ይጮሁበት ነበር። ያዳነው ግን ማወቃቸው ብቻ አልነበረም። ቃላቸው ሰው እያሰረ እንደሆነ ሲያዩ፣ በዚያ ዕድሜያቸውና በዚያ ክብራቸው፣ ያሰሩትን ራሳቸው ሊፈቱ ተራራውን በእግራቸው ወረዱ። እኔ ሐኪም ለሆነው ተማሪዬ «ተሳስቼ ነበር» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይኸው ሃያ ዓመት ፈጀብኝ። ሰኞ ወደ ሥራው ሲገባ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ።