የጋሽ ፍሬን ጠማማ ስፌት

የአክስቴ ባል ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቷል። ተሳፋሪዎቹ ያወጡለት ስም «ጋሽ ፍሬን» ነበር፤ ፌርማታው ገና በሩቁ ሲታየው ፍሬን መያዝ ስለሚጀምር፣ የቸኮለ ሰው ወርጄ በእግሬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር እያለ ያጉረመርምበታል። እሱ ግን በስሙ ይኮራል። እኔ በነዳሁት አውቶቡስ ውስጥ የወደቀች አሮጊት የለችም ይላል። እውነቱን ነው። በሰዓቷ የደረሰችም የለችም እንጂ። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው፤ ስጦታውን የመረጠው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

እኔ ያን ጊዜ እዚያው ሰፈር ሥራ ይዤ እነሱ ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ እኖር ስለነበር፣ የሆነውን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራው በመኖሪያ ቤታቸው የፊት ክፍል ውስጥ ነው፤ በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ ይከፈታል። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከጎኑ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ረጅም መስተዋትና ልብስ የሚለካበት መጋረጃ አለ። ስፌቷ በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው። ምላሷም እንደ መቀሷ ነው፤ ሁለቱም ደንዘው አያውቁም።

ጋሽ ፍሬን ጡረታ ከወጣ በኋላ የሚሄድበት ጠፋው። ጠዋት ተላጭቶ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ለደንበኛ በተዘጋጀው ወንበር ላይ በሩ አጠገብ ይቀመጣል። ሰው ሲገባ በሩ ላይ አትቁሙ፣ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ ይላል። ቀሚስ ልትለካ መጋረጃው ውስጥ የገባች ሴት ከቆየች ደግሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ በክላክስ ፈንታ መሆኑ ነው። አክስቴ ትንሽ ቻለችው። በኋላ ግን ከመደርደሪያው ላይ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበትን ትልቅ ቆርቆሮ አውርዳ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለትና፣ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ለይልኝ አለችው። እጁ ሥራ ካገኘ አፉ ያርፋል ብላ ነው።

እጁ ሥራ አገኘ። አፉ ግን አላረፈም።

ቁልፎቹን ለይቶ ሲጨርስ ወደ ቆርቆሮው መመለሱ አሳዘነው። ትልቁን ከትንሹ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው እያፈራረቀ በጠንካራ ክር ሰካቸውና ለራሱ የመነጽር ማንጠልጠያ አደረገው። ራሱን ባዞረ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ስለሚል፣ ቤቱ ውስጥ የት እንዳለ ሳንፈልገው እናውቅ ጀመር። ቀጥሎ የበሩን ቁልፍ የሚይዝ ማንጠልጠያ ሠራ፤ እሱንም ያስጌጠው በሸሚዝ ቁልፍ ነው። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት መግባባት ቀረ። አክስቴ ቁልፉን አቀብለኝ ስትለው የበሩን ነው የሸሚዙን ብሎ ይጠይቃታል፤ የሸሚዙን ስትለው ደግሞ የበሩን ያመጣላታል።

ማንጠልጠያው ሲያልቅ ቦርሳ ጀመረ። አክስቴ ከቆረጠችው ልብስ የተረፈውን ቁርጥራጭ ይለቅምና ይገጣጥመዋል። የሚሰፋው በእጁ ነው። ስንት ዘመን መኪና የነዳ ሰው ያቺን በመስኮቱ ሥር ያለችውን መኪና ብቻ እንዳይነካ ተከልክሏል፤ አንድ ጊዜ ሞክሯት፣ በፍጥነቷ ደንግጦ እግሩን አንስቶ ሲያበቃ ክሩን ሁሉ አተራምሶባታል። በእጁ ሲሰፋ ደግሞ ስፌቱ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ይሄዳል። ጉድጓድ እየሸሸ የሚነዳ ይመስላል። አክስቴ መጀመሪያ ያየች ዕለት መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ እንደገና አየችው። ከዚያ ይህ ስፌት ነው ወይስ ጉንዳን ቀለም ረግጦ የሄደበት ብላ ጠየቀችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መስፋቱን ቀጠለ።

ስፌቱ እንደዚያ ይሁን እንጂ አንድ ነገር ነበረው። ያን ሁሉ ዓመት ከፊት ያለውን መንገድ ብቻ አይደለም ሲያይ የኖረው፤ በመስተዋቱ ከኋላው ያሉትንም ሲያይ ኖሯል። ማን ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎ እንደሚቀመጥ፣ ማን ሳንቲም ፍለጋ ኪሱን ሁሉ እንደሚገለብጥ፣ የማን ጃንጥላ በየጊዜው ከእጁ እንደሚያመልጥ ያውቃል። ለዚህ ነው ለማንም ሰው እንደ ሌላው ሰው የማይሠራው። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ለምትሸጉጥ አጭር ማንገቻ ያደርግላታል። የሰፈሩ ዘበኛ እጁ ስለሚያልበው፣ የጃንጥላውን እጀታ በቀለማት ክር ጠምጥሞ አለበሰለት። ለአትክልት ሻጯ ወገቧ ላይ የምትታጠቀው የሳንቲም መያዣ ሰፋላትና ፊቱ ላይ ክብ ቀይ ጨርቅ ለጠፈበት። እሷ ልብ መስሏት አንገቷን ደፋች። ቲማቲም ነው አላት።

ክፍያው ከየቤቱ የሚመጣ አሮጌ የልብስ ቁልፍ ነበር፤ ስለዚህ ቆርቆሮው መጉደሉ ቀርቶ ሌላ ቆርቆሮ ወለደ። በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ ተዘረጋለት። ሰው ወደ አክስቴ ክፍል ይገባና እሷን ሰላም ብሎ እሱ ጋ ይቀመጣል። አንዷማ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ ቦርሳ አዝዛ ወጣች፤ የቀሚሷን ነገር ያስታወሰችው መንገድ ከተሻገረች በኋላ ነው፣ ያኔም አልተመለሰችም። አክስቴ ከመኪናዋ ላይ ቀና ሳትል፣ ቀጥ ያለ ስፌት የሚወድ ሰው ከዚህ ከተማ አልቋል ማለት ነው አለችኝ። እንደ ቀልድ ነበር የተናገረችው፤ ግን አልሳቀችም።

ነገሩ የተበላሸው የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ ቦርሳ ያዘዘች ጊዜ ነው። ጋሽ ፍሬን ለፍቶ ሠራላትና ጨርሶ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ዳቦ ሊገዛ ወጣ። አክስቴ ቦርሳውን አነሳችው። መጀመሪያ አንዷን ያፈነገጠች ክር ብቻ ልታስተካክል ነበር፣ በኋላ እንደነገረችኝ። እሷን ስታቃና ጎረቤቷ ጠመመችባት፤ ጎረቤቷን ስትፈታ ጎኑ ሁሉ ተፈታ። እሱ ዳቦ ቤት ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ሲያወራ ቆይቶ እስኪመለስ፣ ቦርሳው በመኪና ተሰፍቶ፣ ገበሩ ተስተካክሎ፣ ተተኩሶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ጠበቀው። እሱም ጥቅሉን ሳይከፍት ለሴትዮዋ ሰጠ።

ሴትዮዋ በማግሥቱ ይዛው መጣች። በጣም ይቅርታ ጠየቀችና ተሳስቶ የሌላ ሰው ዕቃ ሳይሰጣት እንዳልቀረ ነገረችው። ምኑ ላይ ነው ችግሩ ቢላት ግራ ገባት። «ያምራል» አለች፤ «ግን ከሱቅ የተገዛ ነው የሚመስለው።»

ጋሽ ፍሬን ቦርሳውን ገልብጦ ውስጡን አየው። ያን ስፌት ያውቀዋል፤ ከተጋቡ ጀምሮ የለበሰው ሸሚዝ ሁሉ የተሰፋው በዚያው ስፌት ነው። ወደ አክስቴ አልዞረም። ለሴትዮዋ ስህተቱ የእኔ ነው፣ አስተካክልልሻለሁ አላት። ከሄደች በኋላ ቆርቆሮዎቹን ከድኖ መደርደሪያው ላይ መለሳቸው፣ መነጽሩን ከነማንጠልጠያው አውልቆ አስቀመጠና ወጣ።

ከዚያ ቀን በኋላ መርፌ አልነካም። ጠዋት እየወጣ በሌላ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ከተማውን ይዞራል፤ ሲመለስ የዛሬ ሹፌሮች ፍሬን አያያዝ አያውቁም ይላል፣ ሌላ ወሬ የለውም። ቀጭ ቀጭ የሚል ነገር ቀረ። ደንበኞች ጋሽ ፍሬን የት ሄደ እያሉ ሲጠይቁ አክስቴ አፏ ላይ የያዘችውን ስፒል ሰበብ አድርጋ ዝም ትላለች። አንድ ቀን የሰው እጅጌ ስትተኩስ ካውያውን ረስታ አቃጠለችው። ይህ በዕድሜዋ ደርሶባት አያውቅም። የተቃጠለውን እጅጌ ይዛ ቁጭ አለችና የሠራችውን ነገረችኝ። አልተቆጣኝም እኮ፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር አለች።

ከሰዓት በኋላ ሲመለስ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው።

«ያው አሳመርሽው እንጂ ምን አጠፋሽ።»

«ማሳመሬን ማን ጠየቀህ?» ቀጥሎ የወጣው ነገር እሷም ሆዷ ውስጥ መኖሩን ያወቀችው አትመስልም። «ለቲማቲም ሻጯ ሠራህ። ለዘበኛው ሠራህ። እዚህ ለቆመችው ልጅ እንኳ የእርሳስ መያዣ ሠርተህላታል። ለእኔ አንድ ነገር ሠርተህልኝ ታውቃለህ? እኔ ምንህ ነኝ?»

ጋሽ ፍሬን ወደ መኝታ ቤት ገባ፤ የሳጥን ክዳን ሲከፈት ሰማን። ሲመለስ ግራጫ ጨርቅ ይዟል። የድሮ የሥራ ኮቱ ነበር፤ ጀርባው ተቀድዶ ወደ ቦርሳነት እየሄደ መንገድ ላይ የቀረ። ጨርቁ ወንፊት ሆኗል። ተሰፍቶ ተፈትቷል፣ እንደገና ተሰፍቶ እንደገና ተፈትቷል፤ መርፌ ያልገባበት ቦታ የለውም።

«ከሁሉ በፊት የጀመርኩት ያንቺን ነው» አላት። «ሰፍቼ ቀና ስል ዓይንሽ ይታየኛል። እፈታዋለሁ። ሰው ጭኜ ዳገት ላይ ሞተር ሲጠፋብኝ እንኳ እንዲህ አላበኝም።»

አክስቴ ጨርቁን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። የደንበኛ ልብስ ስትቀበልም እንደዚያው ነው፤ ብርሃን ላይ ዘርግታ፣ ገልብጣ፣ በአውራ ጣቷ ዳብሳ ነው የምታየው። እሱ መንጃ ፈቃዱን ትራፊክ ፖሊስ እንደወሰደበት ሰው ቆሞ ይጠብቃል። እኔም ምላሷን ስለማውቅ ወደ ጓዳ ልሸሽ ነበር።

ውስጡን ስትፈትሽ እጇ አንድ ጠባብ ኪስ ላይ ቆመ። በወፍራም ሸራ የተደረበ ነው። አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር ገፋ አድርጋ መቀሷን አነሳችና ኪሱ ውስጥ ከተተችው። ልክ ገባ። ስንት ቦርሳ የቀደደባት፣ ስንቴ ጣቷን የወጋት መቀስ ነው።

«መቀሴን መቼ ለካኸው?» አለችው።

«ምሳ ስትበዪ።»

ጀርባዋን እንደሰጠችን ቆየች። አፍንጫዋን ስትጠርግ ጨርቁ አቧራ አለው አለች። ከዚያ ቦርሳውን መልሳ እጁ ላይ አደረገችለት።

«ጨርሰው» አለች። «ደግሞ እንዳትፈታው። ጠማማም ቢሆን እንዳትፈታው።»

ጨረሰው። ፊቱ ላይ በቢጫና በነጭ ክር ፀሐይ ጠለፈበት፤ እኔ የተጠበሰ እንቁላል ነው የመሰለኝ፣ አክስቴም እንደዚያው ሳይመስላት አልቀረም፣ ግን ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም። የመድኃኒት ቤቷን ሴትዮም ቦርሳ መልሶ ያዘው። ያን የመሰለውን ቀጥ ያለ የመኪና ስፌት አንድ በአንድ እየተረተረ በራሱ እጅ እንደገና ሲያጣምመው፣ አክስቴ መጀመሪያ ጥርሷን ነክሳ አየች፣ በኋላ ግን አላስችል ሲላት ክፍሉን ለቅቃ ወጣች። ሴትዮዋ መጥታ ስታየው አዎ፣ የእኔ ይሄ ነው አለች።

አክስቴ ግራጫውን ቦርሳ ይዛ መውጣት ጀመረች። ስፌቷን የሚያውቁ ደንበኞቿ ቦርሳውን ያዩና እሷን ያያሉ። እሷ ዓይኗን በጨው አጥባ ዘንድሮ የሚያዘው እንዲህ ያለ ነው ትላቸዋለች። የሚያምኗትም አሉ፤ አንዷ እንዲያውም የራሷን ቦርሳ አምጥታ በዚህ ዓይነት አጣምሙልኝ ብላለች።

አንድ ቀን ከአትክልት ሻጯ ድንች ገዝታ ስትመለስ ማንገቻው ከሥሩ ተነቀለ። ድንቹ ቁልቁለቱን ይዞ ሄደ። አትክልት ሻጯ አብራት እየተሯሯጠች ስትለቅም፣ አንቺማ መኪናው ቤትሽ አለልሽ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው ብላ አጽናናቻት። አክስቴም አዎ አለቻት።

ቤት ስትደርስ ግን ወደ መኪናዋ አልሄደችም። ትንሿ ጠረጴዛ ጋ ዘበኛው የባርኔጣውን ጠርዝ እያስጠገነ ነበር። ከኋላው ቆማ ተራዋን ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ቦርሳውን ከነተነቀለው ማንገቻ አቀረበችለት። ጋሽ ፍሬን ገልብጦ አየው፣ ማንገቻውን ሳብ ሳብ አደረገው፣ የገዛ ሥራው እንዳልሆነ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ሐሙስ ብቅ በዪ» አላት።

«ሐሙስ?»

«ከፊትሽ ሰው አለ።»

አክስቴ የምትለው ሁሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ግን ዋጠችው። ድንቹን በቀሚሷ ታቅፋ፣ ሳቋ ሊያመልጣት እየታገላት ወደ ጓዳ ገባች።