ከሥሩ ማሽላ ያለበት ጆንያ

ልጄን ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስወርዳት የባሏ ቤተሰቦች ሾተላይ አለባት አሉ። አርግዛ የማትወልድ ሴት በእኛ አገር ሌላ ስም የላትም። የባሏ እናት ክታብ አሠርታ አንገቷ ላይ አሰረችላት። እኔ ክታቡን በጥሼ ጣልኩና ባልና ሚስቱን ይዤ ከገንዳ ውሃ በአውቶቡስ ጎንደር ወጣሁ።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የትራክተር ረዳት ሳለሁ፣ ከማዳበሪያ ጆንያና ከዘይት በርሜል ላይ ነው። ያልገባውን ገባኝ የሚል ሰው ዛሬም ያንገፈግፈኛል። ስለዚህ ጎንደር ሆስፒታል የሰጡት ደም ውጤት ከአዲስ አበባ መጥቶ ሐኪሟ ስለ ክሮሞዞም ስታስረዳን፣ "ልጄ፣ ከገበሬ ጋር እያወራሽ ነው" አልኳት። ሳቀችና እንደገና ጀመረች።

በሰው ገላ ውስጥ ዘር የተጻፈባቸው ክሮች አሉ፤ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። በልጄ ገላ ሁለት የተለያዩ ክሮች ጫፋቸው ተቆርጦ ቦታ ተለዋውጠዋል። የጎደለ ነገር ስለሌለ እሷ ጤነኛ ናት። መከራው ለልጅ ስታካፍል ነው፤ ከየጥንዱ አንድ አንድ ብቻ ስለሚሄድ፣ አንዱ ተርፎ ሌላው የጎደለበት ፅንስ ይፈጠራል። አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው አይጸናም።

"ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይደለም፣ አባቴ" አለች። "ተስተካክሎ የሚያልፍበትም አለ። ጤነኛ ልጅ ልትወልድ ትችላለች። ስታረግዝ ቶሎ ትምጣ።"

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ራሱን ነቀነቀ። "ገባኝ" አለ።

የእኔም ደም ታየ። ልውውጡ ከእኔ የወረደ ነበር። ለካ እናቷንም በወጣትነታችን ሲያስወርዳት ወባ ነው እያልን ያለፍነው ይኸው ኖሯል።

በትዳሩ ጉዳይ ሽማግሌ ሲቀመጥ ባለቤቴ፣ "አደራህን፣ ሐኪሟ ተስፋ አለ ብላለች በልና ዝም በል" አለችኝ። እኔ ግን ልጆቼን ውሸት አትናገሩ እያልኩ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። በሽፍንፍን የቆመ ትዳር ምን ትዳር ነው?

የተቀመጥነው በአማቼ አባት የሰሊጥ መጋዘን ነው። እሱም እንደ እኔ ከደጋ የወረደ ገበሬ ነው። ልጄን ለልጁ ሊጠይቅ የመጣ ጊዜ ሰባት ቤት ቆጥረን፣ "አጥንታችሁስ ንጹሕ ነው" ብሎ ጉልበቴን ስሞ ነበር። ዙሪያችንን ጆንያ ተደርድሯል። ከዚህ የተሻለ ማሳያ የት አገኛለሁ ብዬ ተነሣሁ።

"ሁለት ጆንያ ሰሊጥ፣ ሁለት ጆንያ ማሽላ አለኝ እንበል። ከአንዱ ሰሊጥ ሥር ማሽላ ገብቷል፤ ከአንዱ ማሽላ ሥር ደግሞ ያው የወጣው ሰሊጥ አለ። አራቱም ቤቴ እስካሉ ምንም አልጎደለብኝም። ለልጄ የምሰጣት ግን ከሰሊጡ አንድ፣ ከማሽላው አንድ ነው። የተቀላቀለውን ሰሊጥ ከንጹሑ ማሽላ ጋር ካነሣሁላት ማሽላው ይተርፋታል፣ ሰሊጡ ያንሳታል..."

"ቆይማ!" አለ የአማቼ አባት። "ከሥሩ ማሽላ ያለበትን ጆንያ ነው ሰሊጥ ነው ብለው የሰጡን?"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። "ከላይስ አሳምረው ሞልተውታል!"

በዚህ አገር ከሰሊጥ ሥር ባዕድ ነገር የሚከት ሰው ሌባ ነው። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

"አልጨረስኩም!" አልኩ። "ንጹሖቹ አብረው የሚነሡበት አለ። የተቀላቀሉት ሁለቱም አብረው ከተነሡም ሙሉ ነው። ልጅ መውለድ ትችላለች። ልጅዎ በጆሮው ሰምቷል። አንተ፣ ተናገር እንጂ!"

አማቼ መሬት መሬት አየ። "እኔ እንኳ ብዙም አልገባኝም" አለ።

"አጥንት ስንጠይቅ ያን ጊዜ ምነው አልነገሩን?" አለ አባትየው።

"አላውቅማ ነበር!"

"አሁን አወቁ። እኛም አወቅን።"

ልጄ በዚያው ሳምንት ሳጥኗን በባጃጅ ጭና ቤቴ ገባች። ቁጣዋን ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጣችም።

"አባየ፣ ሾተላይ እያለብኝ እኮ ባል ነበረኝ" አለችኝ። "ሾተላይ በጸበል ይለቃል። አጥንት በምን ይለቃል?"

 የዋሸሁት ነገር የለም። እውነትን ለማይሰማ መንገር ግን ዘርን በአስፋልት ላይ መበተን ነው፤ እኔ የበተንኩት ደግሞ የራሴን ዘር ሳይሆን የልጄን ነበር።

አማቼ ከአብደራፊ ሌላ አገባ። በመኸሩ ሰሊጣችንን ገንዳ ውሃ ገበያ ይዘን ወረድን። ገዢው ናሙና የሚያወጣበትን ሹል ብረት አንሥቶ ሳቀ። "የአንቱንማ እስከ ሥሩ ነው የማየው!" አለ። ወሬው ገበያውም ደርሷል ማለት ነው። ልጄ የጆንያውን አፍ ይዛ ቆማለች። ብረቱን እስከ እጀታው ሰክቶ መዘዘው፤ ነጭ ሰሊጥ ብቻ ነበረበት።

"ንጹሕ ነው" አለ።

ልጄ የጆንያውን አፍ ለቀቀችና፣ ቀና ብላም ሳታየኝ፣ የሚቀጥለውን ጆንያ መፍታት ጀመረች።